ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት ልጅን ለማን እንተው? በዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ወላጆች የማለዳ አማራጮች ንጽጽር

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ሥራ የሚገቡት ልጆቻቸው ትምህርት ከመጀመራቸው ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በፊት ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያና በሆስፒታል ለሚሠሩት የጠዋቱ ሺፍት 7፡00 ላይ ይጀምራል፤ በአየር ማረፊያና በሆቴል የሚሠሩ ብዙዎች ከዚያም ቀድመው ይገባሉ። በሌላ በኩል በሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ትምህርት የሚጀመረው፣ እንደየትምህርት ቤቱ፣ 9፡00 ወይም 9፡25 ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ክፍተት በየቀኑ የሚመጣ በመሆኑ፣ ሌላ መላ ያጡ ወላጆች ልጃቸውን ገና በተዘጋው የትምህርት ቤት በር ላይ አውርደው ወደ ሥራ ይሄዳሉ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያንን ለሚተኩ አማራጮች ነው። አማራጮቹ ከውጭ ሲታዩ ተመሳሳይ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው በዋጋ ብቻ ያወዳድራቸዋል፤ ይሁን እንጂ ልዩነታቸው ከዋጋ ይልቅ በተጠያቂነት ላይ ነው። ልጁ ከወላጁ እጅ ከወጣበት ደቂቃ አንሥቶ አስተማሪው እስኪቀበለው ድረስ፣ አንዲት ደቂቃም ብትሆን ማንም የማይጠየቅባት ጊዜ የምትተው ከሆነ፣ ያ ዝግጅት በነፃም ቢገኝ ውድ ነው።

በር ላይ ትቶ መሄድ ለምን ከአማራጮቹ አይቆጠርም

ብዙዎቻችን የትምህርት ቤት በርን የምናውቀው ከአገር ቤት ነው። እዚያ ግቢው ታጥሯል፣ ዘበኛው ልጆቹን በስማቸው ይጠራል፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅም ዐይኗ ከልጆቹ ላይ አይነሣም። እዚህ ግን ብዙው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመኪና ማቆሚያና ሜዳ ያለው ክፍት ቦታ ነው። በማለዳ አንድ ሠራተኛ ውስጥ ቢኖር እንኳ ልጆችን እንዲጠብቅ የተመደበ አይደለም። ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በሚልኩት መመሪያ ላይ በሩ የሚከፈትበትንና ሠራተኛ ልጆችን መቀበል የሚጀምርበትን ሰዓት ይጽፋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ደወሉ ከመደወሉ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው። ከዚያ ሰዓት በፊት የመጣ ልጅ ኃላፊነቱ የወላጁ እንደሆነ ይቀጥላል።

ሕጉም መታወቅ አለበት። የሜሪላንድ ሕግ ልጅ የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ሰው ከ8 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ከዐይኑ በራቀ ቤት፣ ሕንፃ፣ የታጠረ ቦታ ወይም መኪና ውስጥ ትቶ እንዳይሄድ ይከለክላል፤ የሚፈቅደው ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው እምነት የሚጣልበት ሰው አብሮት ሲቆይ ብቻ ነው። ቅጣቱም እስከ 500 ዶላር ወይም እስከ 30 ቀን እስራት ሊደርስ ይችላል። «በር ላይ ከሚቆም መኪና ውስጥ ይቀመጥ» የሚለው መላ እንግዲህ በቀጥታ ከዚህ ሕግ ጋር ይጋጫል። ክፍት ሜዳ ላይ የተተወ ልጅ በዚህ አንቀጽ ቃል ባይሸፈንም፣ ጉዳዩ ልጅን ያለ ተገቢ ክትትል መተውን በሚመለከተው የቸልተኝነት ሕግ ሊታይ ይችላል። ቨርጂኒያ በግዛት ደረጃ ቁርጥ ያለ ዕድሜ የወሰነ ሕግ የላትም፤ የፌርፋክስ ካውንቲ መመሪያ ግን 7 ዓመትና ከዚያ በታች ያለ ልጅ ለምንም ያህል ጊዜ ብቻውን እንዳይቀር፣ ከ8 እስከ 10 ዓመት ያለው ከአንድ ሰዓት ተኩል እንዳይበልጥ፣ ያም በቀን ብርሃንና በመጀመሪያው የምሽት ሰዓት ብቻ እንዲሆን ይመክራል። በጃንዋሪ መጀመሪያ በዚህ አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው 7፡25 ገደማ ስለሆነ፣ 6፡45 ላይ በር ላይ የወረደ ልጅ የሚቆመው በጨለማና በብርድ ውስጥ ነው።

የትምህርት ቤት ሠራተኞች በሦስቱም ግዛቶች ቸልተኝነት ሲጠረጥሩ ለሕጻናት ጥበቃ ክፍል የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ርእሰ መምህሯ ብታሳውቅ ጠላትነት ይዟት አይደለም። በሌላ በኩል ፍርሃቱ ከልኩ እንዳያልፍም ያስፈልጋል። በ2014 መጨረሻና በ2015 በሲልቨር ስፕሪንግ የ10 እና የ6 ዓመት ልጆች ብቻቸውን ከመናፈሻ ወደ ቤት ሲመለሱ ፖሊስ አስቁሟቸው ወላጆቻቸው ተመርምረው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሜሪላንድ መንግሥት ልጅ ካልተጎዳ ወይም ለከባድ ጉዳት ካልተጋለጠ በቀር የጥበቃ ክፍሉ ምርመራ እንደማይከፍት የሚያብራራ መመሪያ አወጣ። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እንዲደርስ አስልቶ በእግሩ መሄዱና፣ የስድስት ዓመት ልጅ በተዘጋ በር ላይ ሁለት ሰዓት መቆሙ አንድ ነገር አይደሉም።

የመመዘኛ ነጥቦች

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት አምስት ጥያቄዎች ይቅደሙ። የመጀመሪያው ከላይ የተባለው ነው፦ በየደቂቃው ተጠያቂው ማን ነው? ሁለተኛው፣ የሚቀበለው ሰው ወይም ተቋም የሚከፍትበት ሰዓት ከሺፍቱ መግቢያ ሳይሆን ወላጁ ከቤት መውጣት ካለበት ሰዓት ጋር ይገጥማል ወይ? 7፡00 ላይ የሚከፍት ቦታ 7፡00 ላይ ካርድ ለሚመታ ሰው ምንም አይጠቅመውም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ ትምህርት በበረዶ ምክንያት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ በሚከፈትበት፣ ጭራሽ በሚዘጋበት ወይም ልጁ በሚታመምበት ጠዋት ዝግጅቱ ምን ይሆናል? ማስታወቂያው ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ስለሚመጣ፣ በደኅናው ቀን የሚሠራ ዝግጅት በእነዚያ ቀናት ሊፈርስ ይችላል፤ ልጆች በር ላይ የሚገኙትም አብዛኛውን ጊዜ ያን ዕለት ነው። አራተኛው እውነተኛው ወጪ ነው፤ ከድጎማና ከታክስ ቅናሽ በኋላ የሚቀረው ማለት ነው። አምስተኛው የልጁ ዕድሜና ጠባይ ነው።

በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚሰጥ ቢፎር ኬር (ከትምህርት በፊት የሚደረግ ጥበቃ)

በፌርፋክስ ካውንቲ በአብዛኞቹ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከትምህርት በፊትና በኋላ ልጆችን የሚጠብቀው ሳክ የተባለው ፕሮግራም የካውንቲው ነው፤ ክፍያውም እንደ ቤተሰቡ ገቢ ይቀንሳል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ አገልግሎቱን የሚሰጡት በትምህርት ቤቱ ውስጥ ክፍል የሚከራዩ ፈቃድ ያላቸው የግል ድርጅቶች ናቸው፤ ስለዚህ ዋጋው፣ ሰዓቱና የአሠራሩ ጥራት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል።

በተጠያቂነት ረገድ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ልጁ ሲገባ ወላጁ ይፈርማል፣ ሠራተኞቹ ስለ ወንጀል ታሪካቸው ተጣርተዋል፣ ሰዓቱ ሲደርስም ልጁ ከሕንፃው ሳይወጣ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ድክመቱ ሦስት ነው። አንደኛ ቦታው ቶሎ ይሞላል፤ የመጪው ዓመት ምዝገባ በጸደይ ስለሚጀመር በኦገስት የሚጠይቅ ወላጅ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ አብዛኞቹ የሚከፍቱት 7፡00 አካባቢ ስለሆነ ለጠዋቱ የሆስፒታል ሺፍት አይደርስም። ሦስተኛ ትምህርት ሁለት ሰዓት ሲዘገይ እነሱም ሊዘገዩ ይችላሉ። ከመመዝገብ በፊት «ትምህርት ሲዘገይ በስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል።

ፈቃድ ያለው የቤት ውስጥ ደይ ኬር

በዚህ አካባቢ በቤታቸው ሕጻናት የሚጠብቁ ብዙ ኢትዮጵያውያን እናቶች አሉ። ከሁሉም አማራጮች በጠዋት ሰዓት ረገድ የተሻለው ይህ ነው፤ 6፡00 ላይ ወይም ከዚያ ቀድመው የሚቀበሉ አሉና። ልጁ አማርኛ እየሰማ ቁርሱን ይበላል፣ በበረዶ ቀንም ጠባቂዋ ከቤቷ ስለማትወጣ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው።

ሆኖም ሁለት ነገሮች በጥንቃቄ ይታዩ። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። በሜሪላንድ ዝምድና የሌላቸውን ልጆች በቤቱ በክፍያ አዘውትሮ የሚጠብቅ ሰው በመንግሥት መመዝገብ አለበት፤ በመደበኛው ምዝገባ በአንድ ቤት የሚፈቀደውም እስከ 8 ልጅ ነው። በቨርጂኒያ ከ5 እስከ 12 ልጅ የሚይዝ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። «የአገራችን ሰው ናት፣ ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው» የሚል ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም፤ በሕጉ የምትሠራ ጠባቂ ፈቃዷን ግድግዳዋ ላይ ለጥፋ በኩራት ታሳያለች። ሁለተኛው፣ ልጁን ከእሷ ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ነው። ጠባቂዋ ጨቅላ ሕጻናትን ይዛ መውጣት ካልቻለች ልጁ ብቻውን ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ክፍተቱ ከበሩ ወደ መንገዱ ተዛወረ እንጂ አልተዘጋም። የጠባቂዋ ቤት በዚያው ትምህርት ቤት የአውቶቡስ ክልል ውስጥ ከሆነና ፌርማታው ከደጇ የሚታይ ከሆነ ችግሩ በእጅጉ ይቀላል፤ ስኩል ባስ የሚደርሰው በሩ ሲከፈት ነውና።

የወላጆች ተራ

በአንድ አፓርትመንት ግቢ የሚኖሩ ወይም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ የሚተዋወቁ ሦስት አራት ቤተሰቦች ጠዋቱን ተከፋፍለው መያዝ ይችላሉ። ገንዘብ አያስወጣም፣ ልጆቹም ከወንድም ከእኅት ጋር ያሉ ያህል ይላመዳሉ። በእኔ ግምት ይህ ከሁሉም ይበልጥ ከባህላችን ጋር የሚስማማና ከሁሉም ይበልጥ በቀላሉ የሚፈርስ ዝግጅት ነው። የሚፈርሰውም በይሉኝታ ምክንያት ነው፦ የደከማት እናት «አልችልም» ማለት ስለሚያስቸግራት እሺ ትልና በመጨረሻው ሰዓት ትቀራለች፤ ብዙ ቀን የያዘችውም ቅሬታዋን በሆዷ ይዛ ትቆያለች።

ስለዚህ መዋደዱ ሳይጎድል በጽሑፍ የተቀመጠ ሰሌዳ ያስፈልጋል፦ ማን በየትኛው ቀን፣ ልጁን ከማን ተቀብሎ ለማን እንደሚያስረክብ፣ መምጣት ያልቻለ ሰው እስከ ስንት ሰዓት መደወል እንዳለበት። የየልጁ የአለርጂና የመድኃኒት ሁኔታ፣ የወላጆቹ የሥራ ቦታ ስልክና በመኪና ለሚሄዱት የልጅ መቀመጫም አብረው ይታሰቡ። ሁሉም አባላት አንድ ዓይነት ሺፍት ያላቸው ቡድን አይሠራም፤ ቢያንስ አንዱ ከሰዓት በኋላ ወይም ሌሊት የሚሠራ መሆን አለበት።

አያት ወይም ዘመድ

ከአገር ቤት የመጡ አያት በቤት ሲኖሩ ጥያቄው የተመለሰ ይመስላል፤ በፍቅርና በታማኝነትም የሚያክላቸው የለም። ይሁን እንጂ እኚህ እናት ቋንቋውን ላያውቁ፣ መኪና ላይነዱ፣ መንገዱ በበረዶ ሲሸፈን ሊወድቁ ይችላሉ። ልጁን እቤት ጠብቀው እስከ አውቶቡስ ፌርማታ መሸኘት ከቻሉ ይበቃል። 911 መደወልን፣ የቤቱን አድራሻ በእንግሊዝኛ መናገርንና የትምህርት ቤቱን ቢሮ ቁጥር በትልቁ ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍን ግን አንዘንጋ። በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ሥራ መሥራት ስለማይፈቀድለት፣ በዚህ ቪዛ የመጣን ዘመድ ለጥበቃ ብሎ መክፈል አይገባም።

ታላቅ ወንድም ወይም እኅት

ይህ በብዙ ቤት የሚታሰብ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን የሰዓት ሰሌዳው ያፈርሰዋል። በሞንትጎመሪ ሁለተኛ ደረጃ 7፡45፣ መካከለኛ ደረጃ 8፡15 ላይ ሲጀምሩ አንደኛ ደረጃ 9፡00 ወይም ከዚያ በኋላ ነው። በፌርፋክስም መካከለኛ ደረጃ 7፡30፣ ሁለተኛ ደረጃ 8፡10 ላይ ይጀምራሉ። ስለዚህ ታላቁ ታናሹን ለማድረስ ቢቆይ የራሱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ያጣል። በመደበኛ ቀን ታላቅ ልጅ ላይ የሚጣል ጥበቃ በራሱ በታላቁ የመቅረት መዝገብ ላይ የሚጻፍ ዕዳ ነው፤ ለበረዶና ለበዓል ቀን ግን 13 ዓመት የሞላውና የተረጋጋ ልጅ በሚገባ ሊያግዝ ይችላል።

ሺፍትን ማስተካከል

ይህ ብዙ ጊዜ ሳይሞከር የሚታለፍ አማራጭ ነው። አብዛኛውን የግል አሠሪ የሚያስገድድ ሕግ ባይኖርም፣ በትልልቅ ተቋማት ከቀትር በኋላ ከ3፡00 እስከ ምሽቱ 11፡00 ያለው ሺፍት ሠራተኛ ስለሚያጥረው ጥያቄው ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል። ባልና ሚስት አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት ቢይዙ የጥበቃ ወጪው ይጠፋል። በምትኩ ሁለቱ የሚገናኙት በር ላይ ቁልፍ ሲቀባበሉ ብቻ ይሆናል፤ ይህ በትዳርና በእንቅልፍ ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ሌሊት ሠርቶ የመጣ አባትም ልጅ ይዞ መኪና ሲነዳ እንቅልፍ ሊጥለው እንደሚችል መታሰብ አለበት።

የቁርስ በር

የፌዴራሉ የትምህርት ቤት ቁርስ ፕሮግራም በብዙ ትምህርት ቤቶች አለ፤ በዲሲ በ2010 የወጣው ሕግ በመንግሥትና በቻርተር ትምህርት ቤቶች ለሁሉም ተማሪ ቁርስ በነፃ እንዲሰጥ ያዝዛል። ቁርስ በመመገቢያ አዳራሽ በሚቀርብበት ትምህርት ቤት ሠራተኛ ያለበት በር ከመደበኛው ቀድሞ ይከፈታል። ጭማሪው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም፣ ችግሩ ሃያ ደቂቃ ብቻ ለሆነበት ወላጅ ሙሉ መፍትሔ ነው። ቁርሱ በክፍል ውስጥ የሚሰጥ ከሆነ ግን በሩ ቀድሞ ላይከፈት ይችላልና አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ተጠያቂነት | ከ7፡00 በፊት | ትምህርት ሲዘገይ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ቢፎር ኬር | በጣም ግልጽ | አልፎ አልፎ | አብሮ ሊዘገይ ይችላል | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ፤ በገቢ ሊቀንስ ይችላል |
| ፈቃድ ያለው የቤት ደይ ኬር | ግልጽ፤ መንገዱ ይጣራ | ብዙ ጊዜ አዎ | ብዙ ጊዜ ክፍት | መካከለኛ |
| የወላጆች ተራ | በጽሑፍ ከተያዘ ግልጽ | እንደ አባላቱ ሺፍት | በስምምነት | የለም |
| አያት ወይም ዘመድ | ግልጽ | አዎ | አዎ | የለም |
| ታላቅ ልጅ | ደካማ | አዎ | 13 ከሞላው ይቻላል | የትምህርት ጊዜ |
| ሺፍት ማስተካከል | ወላጁ ራሱ | አዎ | አዎ | ዕረፍትና የጋራ ጊዜ |
| የቁርስ በር | ትምህርት ቤቱ | አይ | አብሮ ይዘገያል | የለም ወይም ዝቅተኛ |

ስለ ወጪው

ሦስቱም ግዛቶች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሕጻናት ጥበቃ ድጎማ አላቸው። የሜሪላንዱ የቻይልድ ኬር ስኮላርሺፕ ከሜይ 2025 ጀምሮ አዲስ አመልካች መቀበል አቁሞ ስለነበር፣ በእሱ ተማምኖ ውል ከመፈረም በፊት ምዝገባው ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በፌዴራል ታክስ ደግሞ ለመሥራት ሲባል ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጥበቃ የተከፈለ ገንዘብ፣ ለአንድ ልጅ እስከ 3,000፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 6,000 ዶላር ድረስ ለታክስ ቅናሽ ይታሰባል። ቅናሹን ለማግኘት የጠባቂው ስም፣ አድራሻና የታክስ ቁጥር በቅጽ 2441 ላይ መሞላት አለበት፤ ያለ ደረሰኝ በእጅ የሚከፈል ርካሽ ጥበቃ ይህን ስለሚያሳጣ ርካሽነቱ በከፊል የማታለያ ነው። የፌዴራል ታክስ ዕዳ የሌለበት ቤተሰብ ግን ከዚህ ቅናሽ አይጠቀምም። አሠሪው ከታክስ በፊት ለልጅ ጥበቃ ገንዘብ የሚቀመጥበት ሒሳብ ካለው፣ ለዓመቱ የነበረው የ5,000 ዶላር ጣሪያ ከ2026 ጀምሮ 7,500 ሆኗል፤ አንዱን ወጪ ግን በሁለቱም መጠቀም አይቻልም።

ለየትኛው ቤተሰብ የትኛው ይስማማል

ከ7፡30 በኋላ ከቤት ለሚወጣና ልጁ ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ወላጅ፣ ቦታ ከተገኘ ቢፎር ኬርን የሚያክል የለም፤ በገቢ የሚቀንስ ክፍያ ካለ አስቀድሞ ይመልከት። 6፡00 ላይ ለሚወጣ ወላጅ የምመርጠው ፈቃድ ያለው፣ በዚያው ትምህርት ቤት ክልል ውስጥ ያለ የቤት ደይ ኬር ነው። ገንዘቡ ለማይበቃ ቤተሰብ የተጻፈ ሰሌዳ ያለው የወላጆች ተራ ከአያት ጋር ቢጣመር፣ ማለትም አያት እቤት ቢጠብቁ፣ ተረኛው ወላጅ ቢያደርስ፣ ክፍያ ካላቸው ከብዙ ዝግጅቶች ይሻላል። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ግን በአንድ ሰው ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ዝግጅት እንዳትይዝ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ያ ሰው በታመመ ጠዋት ሌላ የምትደውልለት ከሌላት ምርጫዋ ከሥራ መቅረት ወይም በር ላይ መተው ይሆናልና። ልጁ 10 ወይም 11 ዓመት ከሆነና ረጋ ያለ ከሆነ፣ እቤት ቆይቶ ሰዓቱ ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር መሄዱ በተዘጋ በር ላይ ከመጠበቅ በእጅጉ ይሻላል።

ለነገ ጠዋት ምንም ዝግጅት የሌለው ወላጅ ዛሬውኑ ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ደውሎ ካውንስለሩን ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛውን ቢያነጋግር ይሻላል፤ ችግሩን ራሱ ወላጁ ቀድሞ ማስረዳቱ፣ ሠራተኛ ልጁን በር ላይ ካገኘው በኋላ ከሚደረግ ንግግር ፈጽሞ የተለየ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግር ከሆነ በአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ መጠየቅ መብት ነው። በሜሪላንድ ሎኬት የተባለው አገልግሎት በሰፈሩ ያሉ ፈቃድ ያላቸውን ጠባቂዎች ዝርዝር ይሰጣል፤ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም 211 ላይ ደውሎ ስለ ድጎማና ስለ ጥበቃ መጠየቅ ይቻላል።